ለደጋ አየር የሚስማማና ድምፁ የማይረብሽ ኮምፒውተር ስለመገጣጠም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ በቤታቸው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር መገጣጠም ለሚፈልጉ አንባቢያን ያቀረበውን ምክር በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው የኮምፒውተሩ አንጎል) ፍጥነት፣ ስለ ራም (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) መጠንና ስለ ዕቃዎቹ ዋጋ የተሰጠው ማብራሪያ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ማሽኑ ሥራ ከጀመረ በኋላ ባለቤቱ በየዕለቱ አብሮት የሚኖረው ጉዳይ፣ ማለትም ሙቀቱና ድምፁ፣ የሚሞቅ ከሆነ ተጨማሪ ፋን ማስገጠም ነው በሚል አጭር ምክር ብቻ ታልፏል። ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለሥራ ባልደረባ ኮምፒውተር ስገጣጥም ዓመታት ያስቆጠርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ይህ ምክር እንዲሁ ከተወሰደ ገንዘብ አስወጥቶ ጩኸት ብቻ የሚያተርፍ መሆኑን ስለማውቅ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ወደድሁ።

የድምፁ ነገር ቅንጦት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። በአዲስ አበባ ግን ብዙው ቤተሰብ ኮምፒውተሩን የሚያስቀምጠው ሰው በሚተኛበት፣ ልጆች በሚያጠኑበትና እንግዳ በሚቀበልበት በዚያው ክፍል ውስጥ ነው። አባት ሌሊት ቁጭ ብሎ ሲሠራ ሕፃን ልጁ እዚያው አጠገቡ ተኝቷል። በሰፈራችን በቤቱ ትረካ እየቀዳ የሚያሰራጭ ወጣት አለ፤ ማይክሮፎኑ የኮምፒውተሩን ጩኸት ከእርሱ ድምፅ ጋር እየቀዳበት ቢቸገር ማሽኑን በብርድ ልብስ ይሸፍነው ጀመር። ብርድ ልብሱ የአየሩን መግቢያና መውጫ ዘጋው፤ ማሽኑ ይበልጥ ጋለ፤ በጋለ ቁጥርም ፋኑ ይበልጥ ፈጠነ። ጠርቶኝ ኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ስከፍተው የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች መካከል የነበረው ክፍተት በአቧራ ተደፍኖ አንድ ወጥ ግድግዳ ሆኖ ነበር፤ ከላዩ የተቀመጠችው ትንሽ ፋን በሙሉ ኃይሏ እየዞረች ታች ወዳለው ብረት አንዲት ትንፋሽ እንኳ አታሳልፍም ነበር። አቧራው ተጠርጎ፣ ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ተርማል ፔስት፣ ደርቆ ስለነበር ተቀይሮ፣ ብርድ ልብሱም ከተነሣ በኋላ ማሽኑ ድምፁን ለማጥፋት ሌላ ምንም አዲስ ዕቃ አላስፈለገውም።

ከዚህ ተነሥቼ ወደ ዋናው ሐሳቤ ልግባ። ኮምፒውተር ከሶኬት የሚስበው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ነው። ሁለት መቶ ዋት የሚስብ ማሽን ሁለት መቶ ዋት ሙቀት ወደ ክፍሉ ይለቃል፤ ይህን ሙቀት ከኬዙ ውስጥ የሚያወጣው ደግሞ አየር ነው። ስለዚህ ጸጥ ያለ ማሽን የሚፈልግ ሰው ወደ ፋን መደብር ከመሄዱ በፊት ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው የማሠራው ሥራ ስንት ዋት ይጠይቃል ብሎ ነው። ለጽሕፈት፣ ለሒሳብ መዝገብ፣ ለኢንተርኔትና መጠነኛ ለሆነ የቪዲዮ ቅንብር የሚውል ኮምፒውተር እንደ ኢንቴል ኮር አይ5-12400 ወይም እንደ ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ባለ መደበኛ ኃይሉ 65 ዋት በሆነ ፕሮሰሰር እጅግ ደስ በሚል ሁኔታ ይሠራል። ግራፊክስ ካርድ ለብቻው መግዛት የማያስፈልገው ሰው ደግሞ ራይዘን 7 5700ጂን የመሰለ፣ የምስል ማውጫው በውስጡ ያለ ፕሮሰሰር በዚያው 65 ዋት ያገኛል። በአንጻሩ ኮር አይ9-13900ኬ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ እስከ 253 ዋት፣ ራይዘን 9 7950ኤክስ ደግሞ እስከ 230 ዋት ይስባሉ። እነዚህ ግሩም ፕሮሰሰሮች ናቸው፤ ሥራቸው ለሚጠይቃቸው ሰዎችም የወጣባቸውን ገንዘብ ይመልሳሉ። ነገር ግን ደብዳቤ ለመጻፍና ትምህርታዊ ቪዲዮ ለማየት የሚገዛቸው ቤተሰብ በገንዘቡ የሚገዛው ትልቁ ነገር ሙቀት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማይሞክረው መላ አለ። አብዛኞቹ ዘመናዊ ማዘርቦርዶች (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩባቸው ዋና ሰሌዳዎች) ባዮስ በሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የቅንብር ገጽ ውስጥ የፕሮሰሰሩን የኃይል ጣሪያ ዝቅ ማድረግ ያስችላሉ፤ የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮችም ለዚሁ የተዘጋጀ «ኢኮ ሞድ» የሚባል ቅንብር አላቸው። ፕሮሰሰር የመጨረሻዋን ጥቂት ፍጥነት ለማግኘት ሲል ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚወስድ፣ ጣሪያው ዝቅ ሲደረግ የሚቀንሰው ሙቀት ከሚታጣው ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር በጣም ይበልጣል። በግራፊክስ ካርድም ነገሩ እንዲሁ ነው። አርቲኤክስ 4060 የሚስበው 115 ዋት ገደማ ሲሆን አርቲኤክስ 4090 እስከ 450 ዋት ይደርሳል፤ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት የሚሸከመው የኬዙ አየር ነው። በርካታ የዛሬ ካርዶች ሥራ ሲቀል ፋናቸውን ጨርሶ የሚያቆሙ መሆናቸውን ገዢው ከመክፈሉ በፊት ቢያጣራ መልካም ነው።

አሁን ወደ ፋኑ እንመለስ። የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀነስ የሚገፋው አየር መጠን በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን በ15 ዲሲቤል (የድምፅ መለኪያ) ገደማ ይወርዳል። ጆሮአችን 10 ዲሲቤል የወረደውን ድምፅ በግማሽ እንደቀነሰ አድርጎ ስለሚሰማው ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። በሌላ በኩል እኩል የሚጮኹ ሁለት ፋኖች አንድ ላይ ሲሠሩ ድምፁ ከአንዱ የሚበልጠው በ3 ዲሲቤል ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥ ፋን በሁለት፣ በግማሽ ፍጥነት በሚዞሩ ፋኖች ቢተካ፣ ተመሳሳይ መጠን ያለው አየር 12 ዲሲቤል ያህል በቀነሰ ድምፅ ይገኛል ማለት ነው። የጽሑፋችሁ ምክር የጎደለው ይህን ነበር። ተጨማሪ ፋን የሚጠቅመው የሁሉም ፍጥነት ሲቀነስ ነው፤ ሳይቀነስ የሚጨመር ፋን ጩኸት ላይ ጩኸት ከመደረብ ያለፈ ፋይዳው ትንሽ ነው። በስፋትም ረገድ 120 ወይም 140 ሚሊ ሜትር የሆነ ፋን ባለ 80 ሚሊ ሜትሩ የሚያስገባውን አየር ለማስገባት በጣም ቀስ ብሎ መዞር ይበቃዋል። ስለዚህ ኬዝ ሲመረጥ ከፊት ለፊቱ ሁለት ትልልቅ ፋን የሚይዝ፣ ፊቱም በወንፊት መሰል ብረት የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። ፊታቸው ሙሉ በሙሉ በመስታወት ተሸፍኖ ባለቀለም መብራት የሚያበሩት ኬዞች ሱቅ ውስጥ ዓይን ይማርካሉ፤ ይሁን እንጂ አየር የሚያስገቡት ከጎን ባለች ጠባብ ክፍተት በመሆኑ ፋኖቻቸው ሁልጊዜ ለመሮጥ ይገደዳሉ። በመርካቶም ሆነ በቦሌ ያሉ ሱቆች ከፊት የሚደረድሯቸው እነዚህኑ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ከዚህ በታች የማነሣው ነጥብ በውጭ አገር መጽሔቶችና ቪዲዮዎች ላይ እምብዛም የማይገኝ፣ እኛን ግን በቀጥታ የሚመለከት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚህ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋን የሚገፋው በሜትር ኩብ የሚለካ የአየር ይዘት እንጂ የአየር ክብደት ስላልሆነ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚዞር ፋን እዚህ በየደቂቃው የሚያሳልፈው አየር ሊሸከም የሚችለው ሙቀት በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በቁጥር ለማስረዳት፣ 200 ዋት ሙቀት የሚያመነጭ ኮምፒውተር የውስጡ አየር ከክፍሉ አየር በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ብቻ እንዲበልጥ ከተፈለገ፣ በባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ያህል አየር ማለፍ ሲኖርበት በአዲስ አበባ ግን ወደ 80 ሜትር ኩብ ይጠይቃል። ያንን ልዩነት በፍጥነት ለማካካስ የሚሞክር ሰው ፋኑን በሲሶ ያህል ማፍጠን አለበት፤ ይህም ከላይ በጠቀስኩት ሕግ መሠረት 6 ዲሲቤል ገደማ ይጨምራል። የሳሳው አየር ራሱ የፋኑን ድምፅ በጥቂቱ ስለሚቀንስ የመጨረሻው ጭማሪ ከዚህ ያነሰ ቢሆንም፣ ኪሳራው ግን ጨርሶ አይጠፋም።

የሰርቨር መሐንዲሶች ይህን ጉዳይ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለኮምፒውተር ክፍሎች ባወጣው መመሪያ ውስጥ፣ ከ900 ሜትር አካባቢ በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው ከፍተኛ የክፍል ሙቀት በአንድ ዲግሪ ዝቅ እንዲል ይመክራል። በዚህ ስሌት አዲስ አበባ ላይ 5 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። የቤት ኮምፒውተር ገዢ ግን ይህን የሚነግረው የለም፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈለት ቁጥር ከኛ ከተማ ከፍታ እጅግ ዝቅ ባለ ቦታ የተለካ ነው።

እርግጥ ደጋው አንዱን ሲነሣን የሚሰጠንንም መርሳት አይገባም። የአዲስ አበባ የቀን ሙቀት በአማካይ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ በዚህም ምክንያት ከአየሩ መሳሳት የምናጣውን ጥቂቱን በቅዝቃዜው እናገኛለን። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ የእኛን ያህል አልሳሳም፤ ነገር ግን በሞቃታማ ወራት የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ኮምፒውተሩ የሚስበው አየር ገና ሳይገባ የጋለ ነው። ሰመራ ደግሞ ከዚያም የባሰ ሙቀት አለ። ስለዚህ አዲስ አበባ ተገጣጥሞ ጸጥ ብሎ ሲሠራ የታየ ማሽን ወደ ቆላ ለሚላክ ዘመድ ሲታሰብ ከፕሮሰሰሩ ጀምሮ እንደገና መታየት አለበት። ፋን ሳይኖራቸው በብረት ክንፍ ብቻ የሚቀዘቅዙ ኮምፒውተሮችን በተመለከተም፣ አየር በራሱ ሞቆ ወደ ላይ በመነሣቱ ላይ ብቻ የሚተማመኑ በመሆናቸው በሳሳ አየር አቅማቸው ስለሚቀንስ፣ ለደጋው ከተማ የምመክረው ጨርሶ ፋን የሌለውን ሳይሆን ትልቅ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚበትን ባለ ክንፍ ብረት) ላይ በጣም ቀስ ብሎ የሚዞር አንድ ፋን ያለውን ነው።

ከፍታን ካነሣሁ አይቀር ከሶኬቱ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች በሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ቆም ልበል፤ በእኔ ዕይታ በዚህ አገር በገዢውም በሻጩም እጅግ የተናቀ ዕቃ እርሱ ነው። ሱቅ ስትገቡ አንዱን ፓወር ሰፕላይ አንሥታችሁ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ተመልከቱ። በአንዳንዶቹ ላይ የተራራ ምስል ያለበት ትንሽ ምልክትና ከአጠገቡ 2,000 ሜትር የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ በላፕቶፕ ቻርጀሮችም ላይ ይታያል። ምልክቱ ከቻይና የደኅንነት ደረጃ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ዕቃው ደኅንነቱ የተረጋገጠው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላለ አገልግሎት መሆኑን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አየር ሲሳሳ የኤሌክትሪክ መከላከል አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ በተሸከሙ ሁለት ክፍሎች መካከል የሚተወው ርቀት ሰፋ ማለት አለበት፤ ዓለም አቀፉ ደረጃ ለ3,000 ሜትር ርቀቱ በ1.14 እንዲባዛ ይጠይቃል። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና ድሬዳዋ ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ደሴና ደብረ ብርሃን ግን በላይ ናቸው። ይህን ስጽፍ አንባቢን ለማስደንገጥ አይደለም፤ ምልክቱ ያለበት ዕቃ እዚህ በተሰካ ቀን ይቃጠላል ማለትም አይደለም። ሆኖም እስከ 5,000 ሜትር የተፈቀደው አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ ሌላውን መግዛት ለምን ያስፈልጋል? ስንት የኮምፒውተር ሻጭ ይህን ምልክት አይቶት ለደንበኛው ይነግራል?

የፓወር ሰፕላይ ጥራት ከድምፅም ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው። «80 ፕላስ ጎልድ» የሚል ማረጋገጫ ያለው ፓወር ሰፕላይ በግማሽ ጭነት ከሚስበው ኃይል ቢያንስ 90 በመቶውን ለኮምፒውተሩ ያደርሳል። 200 ዋት ሲሰጥ በውስጡ ወደ ሙቀት የሚለወጠው 22 ዋት ያህል ነው። ብቃቱ 75 በመቶ ብቻ የሆነ፣ ምንም ማረጋገጫ የሌለው ርካሽ ዕቃ ግን ለዚያው 200 ዋት 67 ዋት ያህል ሙቀት በራሱ ሆድ ውስጥ ያመነጫል፤ ያንንም ለማውጣት ትንሿ ፋኑ ከጧት እስከ ማታ ትጮኻለች። በጎኑ ላይ 600 ዋት ተብሎ የተጻፈበት፣ በእጅ ሲነሣ ግን እጅግ የሚቀል ፓወር ሰፕላይ በገበያችን ሞልቷል። ክብደቱ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ውስጡ ያለው መዳብና የብረት ሂትሲንክ ትንሽ መሆኑን ይጠቁማል። ኤሌክትሪክ በሚቋረጥበትና ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ በሚልበት አገር ውስጥ፣ ከሁሉም ዕቃ ላይ ገንዘብ ቢቆጠብ እንኳ ከዚህ ላይ መቆጠብ የለበትም ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ከአሜሪካ ዕቃ የሚያስመጡ ሰዎችም አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው የሚለዩ ቢሆኑም፣ የቆዩት ከጀርባቸው ቀይ ማብሪያ መሰል መቀየሪያ አላቸው፤ እርሱም 115 ላይ እንዳለ ወደ እኛ 220 ቮልት ከተሰካ ዕቃው ወዲያውኑ ይበላሻል።

ለፕሮሰሰሩ የሚሆን ማቀዝቀዣ ምርጫ ላይ የውሃ ማቀዝቀዣ ይሻላል ወይ የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። ለ65 ዋት ፕሮሰሰር አያስፈልግም። ውሃውም ቢሆን ሙቀቱን መጨረሻ ላይ የሚያስረክበው ለዚያው ለሳሳው አየር ነው፤ በዚያ ላይ ሥራ በሌለበት ሰዓት እንኳ የማያቋርጥ የፓምፕ ድምፅ አለው፤ ፓምፑ ሲበላሽም መለዋወጫ ማግኘት ያዳግታል። የመዳብ ቱቦ ያላቸው ቁመታም የአየር ማቀዝቀዣዎች ግን በቱቦው ውስጥ የታሸገው ጥቂት ፈሳሽ ከታች ተንኖ ከላይ እየቀዘቀዘ ሙቀቱን ወደ ሰፊዎቹ ክንፎች የሚያመላልስ በመሆኑ፣ ቱቦው የታሸገ ስለሆነም የከተማችን ከፍታ የማይነካው በመሆኑ፣ ለብዙ ዓመታት ያለ ችግር ያገለግላሉ። የኦስትሪያው ኖክቱዋ ዕቃዎች በጸጥታቸው የታወቁ ናቸው፤ ዋጋቸው ለከበደው ሰው ተርማልራይት የሚያመርታቸው ከእነርሱ ብዙም ሳይርቁ በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛሉ። ዘመድ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በሻንጣ ይዞ እንዲመጣ ከማዘዝ በፊት ግን ቁመቱ መለካት አለበት። ከኖክቱዋ ዕቃዎች ኤንኤች-ዩ12ኤስ የተባለው 158 ሚሊ ሜትር ሲረዝም ኤንኤች-ዲ15 ደግሞ 165 ሚሊ ሜትር ነው፤ 160 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚቀበል ኬዝ ያለው ሰው ሁለተኛውን ቢያስመጣ ክዳኑ አይዘጋለትም። የመግጠሚያ እግሩም በማዘርቦርዱ ላይ ላለው የፕሮሰሰር መሰኪያ ዓይነት (ለኤኤም4፣ ለኤኤም5 ወይም ለኤልጂኤ 1700) የሚሆን መሆኑ አስቀድሞ ይጣራ። ተርማል ፔስቱ በፕሮሰሰሩ መካከል የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ ብቻ ሲሆን ይበቃል፤ የድሮው በንጹሕ አልኮል ሳይጠረግ አዲስ መደረብ የለበትም።

የተገጠመው ዕቃ ጥሩ ሆኖ ማሽኑ ግን በየደቂቃው ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረገ የሚያስቸግራቸው ሰዎች አሉ። የዚህ ምክንያት በአብዛኛው የባዮስ ቅንብር ነው። ፕሮሰሰር አንድ ፕሮግራም ሲከፈት ለሰከንድ ያህል ሙቀቱ ዘሎ ይወጣና ይመለሳል፤ ፋኑ ይህን እየተከተለ ሲሮጥና ሲያርፍ የሚፈጠረው መለዋወጥ፣ ወጥ ከሆነ መጠነኛ ድምፅ ይልቅ ጆሮን ያደክማል። የማዘርቦርድ አምራቾቹ አሱስ «ኪው-ፋን»፣ ጊጋባይት «ስማርት ፋን» በሚሉት ገጽ ላይ ፋኑ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ በዝቅተኛና ወጥ ፍጥነት እንዲዞር፣ ከዚያ በላይ ግን ቀስ በቀስ እንዲጨምር፣ ለለውጡም ጥቂት ሰከንድ እንዲዘገይ ማድረግ ይቻላል። ብዙ ሰው ፕሮሰሰሩ 70 ዲግሪ ሲደርስ ይደነግጣል። የዛሬ ፕሮሰሰሮች ግን ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን የሚቀንሱት ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሲሆን በከባድ ሥራ ላይ 70 ወይም 75 ዲግሪ ለእነርሱ ምቹ ነው። ጥቂት ዲግሪ ለማውረድ ሲባል ቤቱን ሁሉ በጩኸት መሙላት አያስፈልግም።

ኮምፒውተሩ የሚቀመጥበት ቦታም አለ። በአገራችን ለዕቃ ያለን ክብር መልካም ነው፤ እናቶቻችን ቴሌቪዥኑንም ኮምፒውተሩንም በዳንቴል ያለብሳሉ። ዳንቴሉ ግን ማሽኑ በጠፋበት ሰዓት ብቻ ይልበስ፤ በሚሠራበት ጊዜ ከላይና ከኋላ ያሉት ቀዳዳዎች ክፍት መሆን አለባቸው። ቡፌ ውስጥ አስገብቶ በር መዝጋትም የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ማስዋጥ ነው። ምንጣፍ ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ኬዝ ከሥሩ ያለው የፓወር ሰፕላዩ አየር መግቢያ ስለሚዘጋ ዝቅ ያለ የእንጨት ማስቀመጫ ቢደረግለት ይሻላል። ዝናቡ ካቆመበት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ግንባታ በበዛባት ከተማችን አቧራው የሚያይል በመሆኑ፣ የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት በጥቂቱ በልጠው አየሩ ሁሉ በማጣሪያው በኩል እንዲገባ ማድረግና ማጣሪያውን በየጊዜው ማጠብ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ዓይነት ጥንቃቄ ነው። በብሎወር ሲጸዳ የፋኑን ክንፍ በጣት መያዝ ያስፈልጋል፤ በብሎወሩ ኃይል ከመጠን በላይ ሲሽከረከር ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የመፋቅ ድምፅ የሚያስተካክል ነገር የለም።

ሁሉም ሰው አዲስ ዕቃ ገዝቶ እንደማይገጣጥም አውቃለሁ። ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች፣ በተለይ የዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክና የሌኖቮ ቲንክሴንተር በገበያው በብዛት አሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ የፕሮሰሰራቸው ስም መጨረሻ ላይ «ቲ» የሚል ፊደል ያለባቸው፣ 35 ዋት የሚስቡት ትንንሾቹ፣ ለጸጥተኛ ቤት በጣም የሚስማሙ ናቸው። ሆኖም የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይና የፋን መሰኪያ ብዙ ጊዜ ከተለመደው የተለየ በመሆኑ ዛሬ ገዝቼ ነገ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ እጨምርበታለሁ የሚል ሰው ይህን አውቆ ይግባ። በውስጣቸው የቀረው በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር አካል በሌለው ኤስኤስዲ ቢተካ ከፍጥነቱ በተጨማሪ አንድ የድምፅና የንዝረት ምንጭ ጨርሶ ይወገዳል።

በመጨረሻም ለሻጮችና ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ያለኝን ጥያቄ ላቅርብ። ኮምፒውተር ገጣጥመው የሚሸጡ ሱቆች ማሽኑን የሚያሳዩት የሰው ጫጫታና የሙዚቃ ድምፅ በበዛበት ቦታ፣ ለሁለት ደቂቃ አብርተው ነው። በዚያ ሁኔታ ገዢው ስለ ድምፁ ምንም ሊያውቅ አይችልም። ከሱቁ ጀርባ በሩ የሚዘጋ አንድ ጠባብ ክፍል ቢኖራቸውና፣ ፕሮሰሰሩን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራ ነፃ ፕሮግራም ከፍተው ደንበኛው ለሃያ ደቂቃ ያህል ተቀምጦ እንዲያዳምጥ፣ ሙቀቱንም በስክሪኑ ላይ እንዲያይ ቢፈቅዱ፣ ጥሩ የሚገጣጥመውና ለይስሙላ የሚገጣጥመው ወዲያውኑ ይለያሉ። እናንተም በዓምዳችሁ የዕቃዎችን ዋጋ በሰንጠረዥ ስታወጡ፣ ከዋጋው ጎን ዕቃው በሙሉ አቅሙ የሚስበውን ዋት፣ ለፓወር ሰፕላይ ደግሞ የተፈቀደለትን ከፍታ የሚያሳዩ ሁለት ረድፎች ብትጨምሩ ቦታ አይወስድባችሁም። መረጃው በየዕቃው ካርቶንና በአምራቾቹ ሰነድ ላይ የሚገኝ ስለሆነ ለመጀመሪያው ሰንጠረዥ የሚያስፈልገውን በማሰባሰብ ላግዛችሁ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ